ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ወገኖች ላይ የሚታይ የአንጎል ቁስለትና ምርመራው፦ ለድሬዳዋ ከተማና አካባቢዋ ተገልጋዮች

በድሬዳዋ ከተማ ራስ ምታትና ትኩሳት የተሰማው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ትንኝን ነው። ከተማዋ ቆላማና ሞቃት ናት፤ ወባ ይመላለስባታል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በወረርሽኝ መልክ ተከስተውባታል። ስለዚህ ራሱን ያመመው ነዋሪ “ወባ ነው”፣ “ሙቀቱ ነው”፣ አንዳንዴም “ትናንት የቃምኩት ጫት ነው” ብሎ ማስታገሻ ወስዶ ቢተኛ አያስገርምም። ወባም ሆነ ደንጊ ራሳቸውን ችለው የጤና ባለሙያ ሊያያቸው የሚገቡ ሕመሞች ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ለሚገኝ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ በተጨማሪ አንድ ሌላ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ሕመሙ የመጣው ከአንጎል ቁስለት ይሆን?

ይህ ጽሑፍ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖችና ቤተሰቦቻቸው ምልክቶቹን እንዲለዩ፣ ምርመራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ እንዲያውቁና ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ምን ይዘው መቅረብ እንዳለባቸው እንዲረዱ የተዘጋጀ ነው።

የአንጎል ቁስለት ሲባል

“የአንጎል ቁስለት” የሚለው አጠራር ሐኪሞች “ሌዥን” የሚሉትን ቃል ለመተካት የገባ ነው። ቃሉ የሚደማ ወይም መግል የቋጠረ ቁስል ሊያስመስለው ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። በተሕዋስ፣ በእብጠት፣ በደም ሥር መዘጋት ወይም በዕጢ ምክንያት ተለውጦ በምስል ላይ ከጤናማው የአንጎል ክፍል ተለይቶ የሚታይ ስፍራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በመሆኑም አንድ ታካሚ “ጭንቅላትህ ውስጥ ነገር ታይቷል” ቢባል፣ ይህ ብቻውን የካንሰር ውሳኔ አይደለም። በአገራችን ከቫይረሱ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ከሚታዩት ቁስለቶች አብዛኞቹ መድኃኒት ባላቸው ተሕዋስያን የሚመጡ ናቸው።

ቫይረሱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያዳክም በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቀው የኖሩ ተሕዋስያን ይነቃሉ። የመከላከል አቅም የሚለካበት የሲዲ4 ሕዋስ ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 በታች ሲወርድ ስጋቱ ይጀምራል፤ ከ100 በታች ሲሆን በእጅጉ ይጨምራል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ግን ይህን ወሰን አይጠብቅም፤ የሲዲ4 ቁጥሩ ደህና በሆነ ሰው ላይም ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ ሕመም የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ዛሬ በአንጎል ቁስለት ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በአብዛኛው ሳይመረመሩ የቆዩና ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን ሲታመሙ ያወቁ፣ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ወይም እየወሰዱም መድኃኒቱ መሥራት ያቆመባቸው ሰዎች ናቸው። ድሬዳዋ የጅቡቲ መስመር ከተማ በመሆኗ ለሥራ የሚመላለሱ ነዋሪዎቿ ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ መድኃኒት ያለቀበት ሾፌር ወይም ነጋዴ እስኪመለስ መጠበቅ የለበትም። የክትትል ካርዱን ይዞ ባለበት ከተማ የሚገኝ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍልን ማነጋገር ይችላል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነርቭና በአንጎል ሕመም ተኝተው በታከሙ፣ ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቀዳሚው መንስኤ ቶክሶፕላዝሞሲስ መሆኑን አሳይቷል፤ ከሦስት ሕሙማን ከአንድ በላይ የሚሆነው ድርሻ የእርሱ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር እና ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር ተቀራራቢ ድርሻ ይዘው ይከተላሉ።

ቶክሶፕላዝሞሲስን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በደንብ ካልበሰለ ሥጋ፣ ወይም የድመት ዐይነ ምድር ከነካው አፈር፣ ውኃና ቅጠላ ቅጠል ወደ ሰው ይተላለፋል። በኢትዮጵያ ከጎልማሳው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሕይወቱ አንድ ወቅት ተሕዋሱ አግኝቶታል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሳያውቀው ያልፋል። ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የመከላከል አቅም ሲደክም በአንጎል ውስጥ ይነቃል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ በአንጎል ሽፋን ላይ ብቻ ሳይወሰን በአንጎል ውስጥ እብጠት ሊሠራ ይችላል። ከእነዚህ ሌላ የአንጎል ሊምፎማ የተባለው የካንሰር ዓይነትና ጄሲ በተባለ ቫይረስ ምክንያት የአንጎልን ነጭ ክፍል የሚያጠቃ ሕመም አሉ። ሁለቱም በአገራችን ብዙ ጊዜ አልተመዘገቡም፤ ነገር ግን ማረጋገጫ ምርመራዎቻቸው በየሆስፒታሉ የሚገኙ ባለመሆናቸው ከእውነተኛው ቁጥር በታች ሊታዩ እንደሚችሉ ልብ ማለት ይገባል።

ቤተሰብ ቀድሞ የሚያያቸው ምልክቶች

ከወትሮው የተለየ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ራስ ምታት የመጀመሪያው ምልክት ነው። በተለይ ጧት ላይ ጠንክሮ ከማስመለስ ጋር ከመጣ ችላ ሊባል አይገባም። ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ትኩሳት አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ከዚህ ቀደም ያልነበረ የሚጥል በሽታ፣ ግራ መጋባትና ከልክ ያለፈ እንቅልፍ የአንጎል ቁስለት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ታማሚው ራሱ ለውጡን ላያስተውል ይችላል። አብረውት የሚኖሩት ሰዎች የሚያዩት ትንንሽ ነገር ነው፤ ነጠላ ጫማው ሳያውቀው ከአንድ እግሩ እየወለቀ ይቀራል፤ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል፤ የሚያውቀውን መንገድ ይስታል፤ ጨዋ የነበረው ሰው በድንገት ቁጡ ወይም ግድ የለሽ ይሆናል። እንዲህ ያለው ለውጥ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲመጣ ቤተሰብ የጀመረበትን ቀን መዝግቦ ቢይዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

የሚጥል በሽታና የባሕርይ ለውጥ ሲታይ ብዙ ቤተሰቦች ልክፍት ወይም ቡዳ ነው ብለው ያምናሉ፤ የወደቀውን ሰው ክብሪት ማሽተትም የተለመደ ነው። የክብሪት ጭስ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው ምንም አይጠቅምም፤ ትንፋሹን ሊያውክ ግን ይችላል። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከአጠገቡ ስለት ያለውንና እሳትን ማራቅ፣ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ይበቃል፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ፀበል መጠመቅ ወይም ዱዓ ማስደረግ የሚፈልግ ታማሚ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። አደጋው ያለው በጸሎቱ ላይ አይደለም፤ ምርመራው ለሳምንታት በመዘግየቱ ላይ ነው።

ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል

ሕክምናው የሚጀምረው ታካሚው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚወስድበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ያሉበት ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መቅረብ ይገባዋል። ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም አንድ ጎኑ የሰነፈ ሰው ግን ጊዜ ሳይባክን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። በከተማዋ የድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና የሳቢያን ሆስፒታል የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው።

ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያደርገው የአካል ምርመራ ነው። የእጅና የእግር ኃይል፣ የዐይን እንቅስቃሴ፣ አነጋገርና አረማመድ ይታያሉ። ከዚያ የወባ ምርመራና የደም ስኳር መጠን ይለካል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የወባ ምርመራው “አለ” ቢልም የአንጎሉ ጥያቄ አልተዘጋም። የወባ መድኃኒቱን ጨርሶ ራስ ምታቱ ያልለቀቀው፣ ወይም ወባ ሊያስረዳው የማይችል የአንድ ጎን ድካም ያለበት ሰው ተመልሶ መታየት አለበት።

በመቀጠል የሲዲ4 እና የቫይረስ መጠን ምርመራ ይደረጋል። ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ በጥቂት የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ምርመራ አለ፤ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች ለሆነ ሰዎች ምልክት ባይኖራቸውም እንዲደረግላቸው ይመከራል። ለሳንባ ነቀርሳ የደረት ራጅ፣ በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ የሚሠራ የአክታ ምርመራ፣ እንዲሁም በጣም ለደከሙ ታካሚዎች የሽንት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። የቂጥኝ ምርመራም የዚሁ አካል ነው፤ ቂጥኝ ካልታከመ አንጎልን ያጠቃልና።

የቶክሶፕላዝማ የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ውጤቱ “ፖዘቲቭ” መሆኑ ሰውየው ከዚህ ቀደም ተሕዋሱ አግኝቶት እንደነበር ይነግራል እንጂ አሁን አንጎሉን ያመመው እርሱ ስለመሆኑ አያረጋግጥም። ከአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ቢመረመር ፖዘቲቭ ይሆናል። ጠቃሚነቱ ጎልቶ የሚታየው ውጤቱ “ነጌቲቭ” ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ሌሎቹ መንስኤዎች ይበልጥ ያዘነብላል። ስለዚህ ይህን ምርመራ ብቻውን አሠርቶ በውጤቱ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት መግዛት ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ

ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር የአንጎልን ምስል በደቂቃዎች ውስጥ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ለዚህ ሕመም የሚፈለገው ምስል በአብዛኛው በደም ሥር የሚሰጥ ማጉያ መድኃኒት ታክሎበት የሚነሣው ነው፤ ያለ ማጉያው ትንንሽ ቁስለቶች ሊያመልጡ ይችላሉና። ማጉያው ከመሰጠቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። የአለርጂ ችግር ያለበት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር እናት አስቀድመው ለባለሙያው ማስታወቅ አለባቸው።

ኤም አር አይ ጨረር የለውም። ትንንሽ ቁስለቶችን፣ የኋላውን የአንጎል ክፍልና የነጩን ክፍል ሕመም ከሲቲ ስካን አሻሽሎ ያሳያል። ሆኖም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ግራ የተጋባ ወይም መተኛት ያቃተው ሕመምተኛ ሊቸገርበት ይችላል። መሣሪያው ኃይለኛ ማግኔት በመሆኑ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት፣ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ የቀረበት ሰውም ጭምር፣ ሳይደብቅ መናገር ይኖርበታል።

ምርመራው በአቅራቢያ በማይገኝበት ጊዜ ታካሚው ወደ ሌላ ተቋም ይላካል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት በኩል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሐረር ከተማ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕይወት ፋና ሆስፒታል ይገኛል። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወይም የናሙና ምርመራ ሲያስፈልግ ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖር ይችላል። መሣሪያ ተበላሽቶ ወይም ማጉያው አልቆ ታካሚው እንዳይጉላላ ላኪው ተቋም አገልግሎቱ በዕለቱ መኖሩን አስቀድሞ በስልክ እንዲያጣራ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

በምስሉ ላይ ቶክሶፕላዝሞሲስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ሆኖ፣ በዙሪያው እብጠት ከቦት፣ ጠርዙ እንደ ቀለበት የሚያበራ ቁስለት ሆኖ ይታያል። ይሁንና የሳንባ ነቀርሳ እብጠትም ቀለበት ይሠራል፤ ሊምፎማም እንዲሁ። አንድ ብቻና ትልቅ የሆነ ቁስለት ሊምፎማን ያስጠረጥራል፤ ነገር ግን አይወስንም። ምስሉ ቁስለቱ መኖሩን፣ ያለበትን ስፍራና አደገኛነቱን ይነግራል፤ የመንስኤውን ስም ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይናገርም።

ሕክምናው ራሱ ምርመራ ሲሆን

ታካሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። ስለ ሕመሙ እርግጠኛ ለመሆን ከአንጎል ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ጭንቅላትን በመብሳት የሚከናወን፣ የራሱ አደጋ ያለውና በጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያም ሆነ በሀብታም አገሮች ሐኪሞች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። የሲዲ4 ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነ፣ በምስሉ ላይ ተስማሚ ቁስለት የታየበት ሰው ቶክሶፕላዝሞሲስ አለበት ተብሎ ይገመትና ሕክምናው ይጀመርለታል። ከዚያ ሐኪሙ ለውጡን ይጠብቃል።

በአገራችን ለዚህ በስፋት የሚያገለግለው ብዙዎች “ባክትሪም” እያሉ የሚጠሩት ኮትራይሞክሳዞል ነው፤ መጠኑ ግን ለመከላከያ በየቀኑ ከሚወሰደው በእጅጉ የበዛ ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ አብዛኛው ታካሚ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ መሻል ይጀምራል፤ የዛለው እጅ ከፍ ይላል፣ አንደበት ይፈታል፣ ራስ ምታቱ ይቀላል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ ሲደገም ቁስለቱ አንሶ ይታያል። ምርመራው የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው። በ14 ቀናት ውስጥ ምንም መሻሻል ካልታየ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ሐኪሙ ግምቱን ትቶ የሳንባ ነቀርሳን፣ ሊምፎማንና ሌሎቹን እንደገና ይመረምራል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። መድኃኒቱን በተባለው መጠንና ሰዓት ያልወሰደ ሰው፣ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ምርመራውም ይበላሽበታል። ሐኪሙ “አልተሻለውም” ሲል መድኃኒቱ ስላልሠራ ይሁን ስላልተወሰደ መለየት አይችልም። በሌላ በኩል በሳምንቱ ተሽሎት ቀጠሮውን የተወ ሰው አለ። ቁስለቱ ገና አልጠፋም፤ ሕክምናው ለሳምንታት ይቀጥላል፣ ከዚያም የሲዲ4 ቁጥሩ እስኪያገግም ድረስ ሕመሙ እንዳያገረሽ የሚከላከል አነስተኛ መጠን ይሰጠዋል። ቤተሰብ በአንድ ደብተር ላይ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን፣ በየቀኑ የታየውን ለውጥና ያመለጠ መጠን ካለ ቢጽፍ፣ ያ ደብተር ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት ይልቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። በሰውነት ላይ ሽፍታ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ወይም የዐይን መቅላት ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ተቋሙ መመለስ ይገባል።

ሲቲ ስካን ለማግኘት ቀናት የሚወስድ ከሆነና ታካሚው በጽኑ ከታመመ፣ ሐኪሙ ምስሉን ሳይጠብቅ የቶክሶፕላዝሞሲስን ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው፤ “ሳይመረመር መድኃኒት ተሰጠው” ተብሎ ሊታይ አይገባም። በአንጻሩ ዴክሳሜታሶን የመሰለ እብጠት አጥፊ መርፌ ለሁሉም አይሰጥም። መርፌው የአንጎል እብጠት ሕይወትን ሲያሰጋ ወይም የነቀርሳ ማጅራት ገትር ሲኖር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሊምፎማንም ለጊዜው ስለሚያሳንስ ታካሚው በየትኛው መድኃኒት እንደተሻለው ማወቅ ያስቸግራል። በግል ክሊኒክ መርፌ የተወጋ ሰው ስሙን ይዞ ለሆስፒታሉ ሐኪም መንገር ያለበት ስለዚህ ነው።

የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ

ከወገብ በታችኛው የጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ የሚወሰድበት ምርመራ በብዙዎች ዘንድ ይፈራል፤ “ሽባ ያደርጋል” የሚል ወሬም አለ። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት ስፍራ በታች ነው። ምርመራው ለአንዳንድ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል፤ ክሪፕቶኮከስንና ነቀርሳን ለመለየት ግን ተወዳዳሪ የለውም። ክሪፕቶኮከስ ባለበት ሰው ደግሞ ፈሳሹን መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው፤ በጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመውን ግፊት ያስተነፍሳል፤ በተደጋጋሚ መደረጉም ስለዚህ ነው።

ምርመራው መቆየት ያለበት ጊዜም አለ። በአንጎል ውስጥ ትልቅ እብጠት ካለ ፈሳሹን ከታች መቅዳት አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የአንድ ጎን ድካም ላለበት ወይም ራሱን ለሳተ ታካሚ ሐኪሙ በመጀመሪያ ሲቲ ስካን ማየትን ይመርጣል።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

አዲስ የታወቀ ሕመምተኛ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ለምን ወዲያው እንዳልተጀመረለት ይጠይቃል። በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በነቀርሳ ማጅራት ገትር ከ4 እስከ 8 ሳምንት እንዲቆይ ይደረጋል፤ በፍጥነት የሚነቃ የመከላከል አቅም በአንጎል ውስጥ ከባድ እብጠት ሊያስነሣ ይችላልና። በቶክሶፕላዝሞሲስ ግን እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመር ይቻላል። መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ራስ ምታት የያዘው ሰውም መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ሳያቋርጥ መታየት አለበት።

ለሚጥል በሽታ በስፋት የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እንዲሁም ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ዛሬ አብዛኛው ታካሚ በሚወስደው መድኃኒት ውስጥ ያለውን ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ ይቀንሱታል። መፍትሔ አለው፤ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል ወይም የሚጥል በሽታው መድኃኒት ይለወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱን የሚያዝዙት ባለሙያዎች እርስ በርስ ሲተዋወቁ ነው። ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ቢቀርብ ይህ ክፍተት ይዘጋል።

ወደ ተቋሙ ሲኬድ

ይዞ መቅረብ የሚገባው የሪፈር ወረቀት፣ የክትትል ካርድ፣ የመጨረሻው የሲዲ4 እና የቫይረስ መጠን ውጤት፣ ከዚህ ቀደም የተነሣ ምስል ካለ ፊልሙ ወይም ዲስኩ ከነሐተታው፣ እንዲሁም መድኃኒቶቹ ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው የአባልነት መታወቂያውን ይይዛል። የመድኅን ሽፋኑ የሪፈር ቅደም ተከተልን የሚከተል በመሆኑ ከጤና ጣቢያ ሳይላኩ በቀጥታ ወደ ላይኛው ሆስፒታል መሄድ፣ ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር፣ ክፍያን ያስከትላል። የፀረ ኤች አይ ቪና የነቀርሳ መድኃኒቶች በነፃ ይሰጣሉ፤ የምስል ምርመራ ግን ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ታካሚው ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩን ካላወቀ፣ ያንኑ ቀለበት አይቶ ወደ ሌላ ሕመም ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ በማዘዣው ላይ መጻፉ ለታካሚው ጥቅም ነው። መረጃው ከሚያክሙት ባለሙያዎች ውጭ አይወጣም፤ ታካሚው ሳይፈቅድ ለአስታማሚ ወይም ለቤተሰብ መንገርም አይፈቀድም። ምስጢሩን ለቤተሰቡ ያልነገረ ታካሚ አስታማሚዎቹ እንዲወጡለት ጠይቆ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው መነጋገር ይችላል። ንግግሩ የተያዘ ወይም አማርኛ የማይቀልለው ሰው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስረዳው ባለሙያ እንዲመደብለት መጠየቅም ይችላል፤ ግራ የተጋባን ሰው በአፍ መፍቻው አለማናገር በራሱ የምርመራ ስሕተት ያመጣል።

መከላከልን በተመለከተ

የሲዲ4 ቁጥራቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በየቀኑ የሚሰጠው ኮትራይሞክሳዞል ቶክሶፕላዝሞሲስን ይከላከላል። ርካሽና የተለመደ በመሆኑ ብዙዎች እንደ ተራ ክኒን ያዩታል፤ የፀረ ኤች አይ ቪውን አክብረው እርሱን ይተዉታል። የሚቆመው በባለሙያ ውሳኔ ብቻ ነው። ተሕዋሱ ላላገኛቸው ሰዎች ደግሞ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ የፍየል ወተትና በንጹሕ ውኃ ያልታጠበ ቅጠል መተው ዋናው ጥንቃቄ ነው። የቤት ድመትን ማባረር አያስፈልግም። በዐይነ ምድሯ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ሰውን ለማጥቃት የሚደርሰው ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በየዕለቱ ሌላ ሰው ቢጠርገው፣ ሌላ ሰው ከሌለም ጓንት አድርጎ መጥረግና እጅን በሳሙና መታጠብ በቂ ነው።